የጋሼ ዘገዬ የዘር ጠመንጃ ከነሙሉ ክብሩ

ታሪክ የሌለው ቤት መሠረት የሌለው ቤት ነው። ይህን ከባድ ቃል የተናገሩት ጎረቤቴ ጋሼ ዘገዬ ናቸው፤ የተናገሩትም ኦሃዮ ውስጥ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ ክሊንተንቪል በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታቸው ሳሎን ተቀምጠው፣ ምድር ቤቱ ያስገባውን የዝናብ ውሃ የሚስበው ፓምፕ ከሥራቸው እያጉረመረመ ነው። እኔም ቃሉን በማስታወሻዬ አሰፈርኩት። የሙሽሪት ወገን የሽማግሌ አቀባበል ኮሚቴ ጸሐፊ ስለሆንኩ የሚባለውን ሁሉ መጻፍ ግዴታዬ ነው። ሰብሳቢው ጋሼ ዘገዬ፣ አባሏ ባለቤታቸው እትዬ ጽጌረዳ፣ ጸሐፊው እኔ። ልጅቱ ራሷ፣ ሶልያና፣ ጉዳዩ በቀጥታ ስለሚመለከታት በኮሚቴው አልተካተተችም።

ስለ ሰብሳቢያችን ጥቂት ልበል። ጋሼ ዘገዬ በሥራ ቀን ዌርሃውስ ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳሉ፤ እሁድ እሁድ ደግሞ ቢጫ ሰደርያ አጥልቀው የቤተ ክርስቲያናችንን ፓርኪንግ ያስተናብራሉ። በዚህ አገልግሎት ስድስት ዓመት ሲቆዩ አንድም የምእመን መኪና አልተጋጨባቸውም፤ የራሳቸው ብቻ ሁለት ጊዜ ተጋጭታለች። ልበ ንጹሕ፣ ለጋስ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ናቸው። አንድ ጉድለት ቢኖርባቸው፣ ሌላ ሰው ስለ ዘሩ ሲያወራ ዝም ብለው መስማት አይችሉም።

ነገሩ የተጀመረው ሂሊያርድ በሚባለው ሌላ ሰፈር ነው። ሶልያና ዮፍታሔ የሚባል ነርስ ወደደችና የልጁ ቤተሰቦች ለትውውቅ ሥጋ ጠብሰው ጠሩን። እዚያ የዮፍታሔ አጎት ጋሼ ገብረኪዳን ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ከሰባ አምስት ያለፈ፣ ድምፃቸው ቀስ ያለ፣ የወገናቸው ሁሉ ሽማግሌ። እሳቸው ስለ አባታቸው ርስት፣ ስለ ሰንጋው፣ ስለ በቅሎዎቹ በዝግታ ያወራሉ። ጋሼ ዘገዬ ጎድን እንደያዙ ይቁነጠነጣሉ። በቅሎዎቹ አምስት ሲደርሱ ትዕግሥታቸው አለቀ።

«እኛም ቤት የአያቴ ጠመንጃ አለ» አሉ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። የት ነው ያለው?» አሉ ጋሼ ገብረኪዳን።

«እዚሁ ኮሎምበስ። ሳሎኔ ግድግዳ ላይ።»

«እንዴት አድርገው አሻገሩት?»

«ተፈታትቶ፣ በበርበሬ ውስጥ።»

ጋሼ ገብረኪዳን ራሳቸውን ነቀነቁ። በበርበሬ ውስጥ ተደብቆ ያልመጣ ነገር ስለሌለ መልሱ የሚያጠራጥር አልነበረም። «እንግዲህ ከወር በኋላ ለሽምግልና ስንመጣ እናየዋለን» አሉ።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ መጀመሪያ የተናገረችው ሶልያና ናት።

«ዳድ፣ የምን ጠመንጃ?»

«የአያቴ ነዋ!»

«ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ያለው ቲቪ ብቻ ነው።»

«እየመጣ ነው» አሉ ጋሼ ዘገዬ።

እትዬ ጽጌረዳ ፊታቸውን ከመንገዱ ሳይመልሱ፣ «የዘገዬ አያት ልብስ ሰፊ ነበሩ» አሉኝ። «ከብረት የሚያውቁት መርፌ ነው።»

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ አትሳቅ። ጋሼ ዘገዬ በማግስቱ በአጥራችን ላይ ተደግፈው ሲያዋዩኝ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። «ሽማግሌዎቹ መጥተው ግድግዳው ባዶ ከሆነ አለቀልኝ። ልጄ የውሸታም ልጅ ተብላ ትዳር ትገባለች» አሉ። እውነት አዘንኩላቸው።

«ታዲያ እውነቱን ደውለው ይንገሯቸዋ!» አልኩ።

«አሁን? ከሽምግልና በፊት? አንተ ልጅ፣ ነውር እኮ አለ!»

ስለዚህ ነውር እንዳይሆን ሌላ መንገድ ተፈለገ። በሳምንቱ በራፋቸው ላይ ረዥም ካርቶን ተቀመጠ። ውስጡ ቢቢ ጋን የሚሉት የአየር ጠመንጃ ነበር፤ ከአተር የምታንስ ፍሬ ይተኩሳል፣ ድምፁም የብስክሌት ጎማ ሲተነፍስ የሚያሰማው ዓይነት ነው። ከሩቅ ላየው ቁርጥ ክላሽ ነው። ከቅርብ ግን ሰደፉም፣ የእጅ መያዣውም ጥቁር ፕላስቲክ ሲሆን፣ አፈሙዙ መጫወቻ መሆኑን ሰው ሁሉ እንዲያውቅ ብርቱካናማ ተቀብቷል።

«ጋሼ፣ ክላሽ እኮ ነው» አልኳቸው።

«ቢሆንስ?»

«አያትዎ ያረፉት ክላሽ ከመሠራቱ በፊት አይደለም?»

ጋሼ ዘገዬ ትንሽ አሰቡ። «አያቴ ሁልጊዜም ከዘመናቸው የቀደሙ ሰው ነበሩ» አሉ።

በቃለ ጉባኤ ቁጥር ሦስት እንደተመዘገበው፣ ፕላስቲክን ወደ ታሪክ የማሸጋገር የሦስት ሳምንት ዕቅድ በዕለቱ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ድምፁ የጋሼ ዘገዬ ነበር። እትዬ ጽጌረዳ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ደብል ሺፍት ላይ ስለነበሩ በስብሰባው አልተገኙም፤ ዕቅዱም እንዳይረብሻቸው ተብሎ አልተነገራቸውም። ሶልያና ግን ምድር ቤት ወርዳ አየችና አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀች። «ዳድ፣ ብርቱካኑን ከነካኸው ኮል አደርጋለሁ!» ለማን እንደምትደውል ስላልተናገረች ጋሼ ዘገዬ ሁሉንም ፈርተው አፈሙዙን እንዳለ ተዉት።

የመጀመሪያው ሰደፍ ከሃርድዌር ሱቅ በተገዛ የጥድ ጣውላ ተሠራ። ጋሼ ዘገዬ ፕላስቲኩን ፈተው፣ ጣውላው ላይ አስተኝተው፣ ዙሪያውን በእርሳስ አሰመሩና በመጋዝ ቆረጡት። ቀለም ሲቀቡት ግን ጥዱ እዚህ ጠጥቶ እዚያ እምቢ አለና እንጨቱ ለምጽ የያዘው መሰለ። ሶልያና ዓይታ፣ «ካርቶን ውስጥ ተፈታትቶ የሚመጣ ቁም ሳጥን ይመስላል» አለች። ጋሼ ዘገዬ ሰደፉን ጥለው ምድር ቤቱን በዓይናቸው ቃኙት።

«አሮጌ ታሪክ አሮጌ እንጨት ይፈልጋል» አሉ። ዓይናቸውም ከውሃ ማሞቂያው ጎን አንሶላ ለብሶ በቆመው ነገር ላይ አረፈ።

ይህ ነገር ወንበር ነበር። የእትዬ ጽጌረዳ አባት ዳኛ ወልደሐና ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተቀምጠውበት የፈረዱበት፣ ከአንድ የዋንዛ ግንድ የተፈለፈለ፣ ባለ ሦስት እግር ወንበር። መደገፊያው ወፍራም ነው፤ በጀርባው በኩል ፀሐይ የምትመስል ጌጥ ተቀርጾበታል። እትዬ ጽጌረዳ ወደ አሜሪካ ሲመጡ ልብሳቸውን ትተው እሱን ይዘው መጡ። ሳሎን ቲቪው ቦታ ስለያዘበት፣ የሚገባው ስፍራ እስኪገኝለት ተብሎ አሥራ አንድ ዓመት ከውሃ ማሞቂያው ጋር ቆሟል።

«ጋሼ፣ ይሄ የእትዬ ጽጌረዳ አባት ወንበር አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ታዲያ?»

«ከቤተሰብ አይወጣም እኮ! ከአማት ወደ አያት ነው የሚሄደው። የውስጥ ዝውውር በለው።»

እኔ ምን አደረግሁ? ተቃውሞዬን በቃለ ጉባኤ አስመዝግቤ የወንበሩን እግር ያዝኩ። እሳቸው ቆረጡ። መደገፊያው ለሰደፍ፣ ከሦስቱ እግሮች አንዱ ለእጅ መያዣ ዋለ። የቀረውን አካል በሁለት እግሩ ከውሃ ማሞቂያው ጋር አስደግፈን አንሶላውን መለስንለት። ከላይ የጎደለውን ቁመት የልብስ ማጠቢያ ሳሙና ጋሎን ሞላልን። አንሶላውን ሲለብስ ምንም የጎደለው አይመስልም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ ሳላደንቅ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ጋሼ ዘገዬ ዋንዛውን በሞረድ ቀረጹት። የሰደፉ ምላስ ወደ ብረቱ አልገባ ሲል ሞረዱት፤ በጣም ገብቶ ሲወዛወዝ በሙጫና በእንጨት ብናኝ ሞሉት፤ እንደገና ሞረዱት። ከሻካራው ብርጭቆ ወረቀት ጀምረው እስከ ለስላሳው ድረስ አሹት፤ በእርጥብ ጨርቅ አርሰው የእንጨቱ ቃጫ ሲቆም እንደገና አለሰለሱት። በመጨረሻም አገር ቤት ለሆድ ድርቀት የምንጠጣውን የተልባ ዘር ዘይት እዚህ ከሃርድዌር ሱቅ ገዝተው ሰባት ጊዜ በስሱ ቀቡት፤ በየቀኑ አንድ ጊዜ፣ ቀብተው እየጠረጉ። እንጨቱ ማር መሰለ። ጌጧን ግን አልነኳትም። «እቺን ልሞርድ ስል እጄ አልታዘዝ አለኝ» አሉኝ። እውነቱን ልናገር፣ አማረ። እንዲያ ያማረ መጫወቻ ዓይቼ አላውቅም።

ሽማግሌዎቹ ሊመጡ አምስት ቀን ሲቀራቸው ኮሚቴው በሙሉ አባላቱ ተሰበሰበ። የምግቡ፣ የመኪና ማቆሚያው፣ የጸሎቱ ርዝመት ከተወሰነ በኋላ እትዬ ጽጌረዳ እጃቸውን አወጡ።

«አንድ ያሰብኩት ነገር አለ» አሉ። ድምፃቸው እንደ ሙሽራ አፈረ። «አባዬ የልጄን ቀን አላዩም። ጋሼ ገብረኪዳን ደግሞ የአገሬ ሰው ናቸው፤ አባዬን ሳያውቋቸው አይቀሩም። ወንበሩን አውጥቼ እሳቸውን እዚያ ላይ አስቀምጣለሁ። አባዬ የመጡ ያህል ነው።»

ጋሼ ዘገዬ እኔን አዩኝ። እኔ ቃለ ጉባኤውን አየሁ።

«ወንበሩ… አርጅቷል እኮ» አሉ ጋሼ ዘገዬ።

«ዋንዛ አያረጅም» አሉ እትዬ ጽጌረዳ።

ውሳኔው በሦስት ድምፅ ጸደቀ። የጋሼ ዘገዬ እጅ የተነሣችው ከሁሉም በኋላ ነው።

ቀኑ ደረሰ። ጋሼ ዘገዬ በጠዋት ተነሥተው ቲቪውን አወረዱና በቦታው ጠመንጃውን ሰቀሉ፤ ጌጧን ወደ ግድግዳው አዙረው። እትዬ ጽጌረዳ ወጥ ቤት በሥራ ተጠምደው ቀና ብለውም አላዩት። ከሰዓት በኋላ አራት ሽማግሌዎች በጋሼ ገብረኪዳን መሪነት ገቡ። ጸሎት ተደረገ። ተቀመጡ ሲባሉ እንደ ወጉ እምቢ አሉ።

«የመጣንበትን ሳንናገር፣ መልሱንም ሳንሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሼ ገብረኪዳን።

እትዬ ጽጌረዳ ነጠላቸውን አስተካክለው ብቅ አሉ። «ለእርስዎስ መቀመጫውም ልዩ ነው። ዘገዬ፣ የአባዬን ወንበር አምጣልኝ።»

«መጀመሪያ ጠመንጃውን ይዩ!» አሉ ጋሼ ዘገዬ። ድምፃቸው ከሚገባው በላይ ጮኸ። ዘለው ከግድግዳው አወረዱትና ለሽማግሌው በሁለት እጃቸው አቀረቡላቸው።

ጋሼ ገብረኪዳን ተቀበሉ። ሚዛኑን አዩ። «ቀላል ነው» አሉ።

«ቤተሰባችን በፈጣን እንቅስቃሴ ነበር የሚታወቀው።»

«አፈሙዙስ? ምን ሆኖ ነው እንዲህ የቀላው?»

«ከተኩስ ብዛት ነው። አንድ ጊዜ ከጋለ በኋላ አልበረደም።»

ሶልያና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «ኦ ማይ ጋድ» አለች በጣቶቿ መካከል። ሽማግሌዎቹ ግን የልጅቱ ፈጣሪን መጥራት ደስ አላቸው።

ጋሼ ገብረኪዳን ሰደፉን ገለበጡት። አውራ ጣታቸው ጌጧ ላይ ሲያርፍ ቆመ። መነጽራቸውን አወጡ፤ አጠለቁ፤ ሰደፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት።

«እቺን ፀሐይ አውቃታለሁ» አሉ በመጨረሻ። «የሃያ ዓመት ልጅ ሆኜ አህያዬ የሰው ማሳ ገብታ ተከሰስኩ። ተራዬን ስጠብቅ ከዳኛው ጀርባ ቆሜ ቀኑን ሙሉ ያየሁት እቺን ነው። ከዚያ ዳኛ ወልደሐና ፈረዱብኝ። ፍርዱም ልክ ነበር።» ቀና አሉ። «አቶ ዘገዬ፣ ይህ ጠመንጃ የእኛን ዳኛ ወንበር ከየት አመጣው?»

እትዬ ጽጌረዳ ወደ ምድር ቤቱ ወረዱ። አንሶላ ሲገፈፍ፣ ቀጥሎ ጋሎን ሲወድቅ፣ ቀጥሎ ባለ ሁለት እግር ወንበር ሲጋደም ሰማን። ከዚያ በደረጃው ላይ ቀስ እያሉ ሲወጡ ተሰማ። የተረፈውን ወንበር እንደ ሕፃን ታቅፈው ሳሎን መሐል ቆሙ። እንባቸው ይወርዳል። እኔም፣ እግሩን የያዝኩት ሰው፣ መሬት ብትከፈትልኝ እገባ ነበር።

«ምን ጉዳይ ይዛችሁ ነበር የመጣችሁት?» ብለው እትዬ ጽጌረዳ ሽማግሌዎቹን ጠየቁ።

ጋሼ ገብረኪዳን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጃችሁን ሶልያናን ለልጃችን ለዮፍታሔ…»

«ሰጥቻለሁ። ቀጥሉ።»

እንዲህ ያለ አጭር ሽምግልና ታይቶ አይታወቅም። አንዱ ሽማግሌ ደስ ብሏቸው ሶፋው ላይ ሊቀመጡ ጎንበስ ሲሉ ጋሼ ዘገዬ ክንዳቸውን ያዟቸው።

«እባካችሁ አትቀመጡ! ለእኔም ለምኑልኝ።»

ክቡራን አንባብያን፣ ልጅቱን ሊጠይቁ የመጡት ሽማግሌዎች ያን ቀን ለአባትየው ሲለምኑ አመሹ። መጀመሪያ ተከሳሹ ቃሉን እንዲሰጥ ተደረገ።

«አያቴ ልብስ ሰፊ ነበሩ» አሉ ጋሼ ዘገዬ መሬት መሬት እያዩ።

«ጎበዝ ሰፊ ነበሩ?» አሉ ጋሼ ገብረኪዳን።

«እጅግ በጣም። ሙሽራው ሁሉ እሳቸው ጋ ነበር የሚያሰፋው።»

«ታዲያ መርፌያቸውን ለምን አልሰቀሉም?»

ጋሼ ዘገዬ ቀና ብለው ባዶውን ግድግዳ አዩ። ጋሼ ገብረኪዳን አዘኑላቸው መሰለኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በቅሎዎቹም አምስት አልነበሩም» አሉ። «ሁለት ናቸው። አንዷም የኪራይ ነበረች።»

እትዬ ጽጌረዳ ልጃቸውን በአንድ ቃል ሰጥተው ባላቸውን ለመቀበል የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጡ። ቀጠሮው ሲደርስ እነዚያው ሽማግሌዎች ከሂሊያርድ ተመልሰው መጡ፤ ፍርዱንም ከእትዬ ጽጌረዳ አፍ ቆመው ሰሙ። እንጨቱ ተሞርዷልና ወደ ወንበሩ አይመለስም። ጠመንጃው ጌጧ ወደ ውጭ ዞራ እዚያው ይሰቀል። ወንበሩ፣ በተጣለው የጥድ ሰደፍ ሦስተኛ እግር ተሠርቶለት፣ ከሥሩ ይቀመጥ። ጋሼ ዘገዬም እዚህ ቤት ለሚገባ እንግዳ ሁሉ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ፣ እውነቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይናገሩ። ተባባሪው ጸሐፊ ቆሞ ይመስክር። ጋሼ ገብረኪዳን ፍርዱን ሰምተው፣ «የአባቷ ልጅ!» አሉ።

የመጀመሪያው እንግዳ አንድርያስ የሚባል፣ ሉዊስ ሴንተር የሚባለው ሰፈር የሚኖር ሰው ነበር፤ ከእኛው ቤተ ክርስቲያን። ከሠርጉ በኋላ እንኳን ደስ ያላችሁ ሊል መጥቶ ጠመንጃው ፊት ተገትሮ ቀረ። ጋሼ ዘገዬ እንደ ፍርዱ ተነሥተው ቆሙ።

«መጫወቻ ነው» አሉ። «የሚተኩሰው ከአተር የምታንስ ፍሬ ነው። እንጨቱን ከአማቴ ወንበር ሰርቄ ነው የሠራሁት። አያቴ ልብስ ሰፊ ነበሩ።»

አንድርያስ ሳቀ። «ጋሼ ዘገዬ፣ ከእኛም ይደብቃሉ?»

«ኧረ እውነቴን ነው!»

«በበርበሬ ውስጥ እንደመጣ እኮ ሂሊያርድ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሕጉን ፈርተው ነው አይደል? አፈሙዙንም ብርቱካን ቀብተው መጫወቻ አስመሰሉት። ብልህ ነዎት!» አንገቱን ዘርግቶ ሰደፉን ሳመ። «የአያትዎ ነው። ዓይኔ አያታልለኝም።»

ጋሼ ዘገዬ ወደ ወጥ ቤቱ በር አዩ። እትዬ ጽጌረዳ ጭልፋ ይዘው ቆመዋል። ሰውየው የዘመናት ምኞታቸውን በሳህን አቅርቦላቸው መብላት አልቻሉም።

«ልብስ ሰፊ ነበሩ» አሉ፣ ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸውም።

እኔም ግዴታዬ ነውና ቃለ ጉባኤውን አውጥቼ ከቁጥር አንድ ጀምሮ አነበብኩለት። አንድርያስ በአክብሮት አዳመጠና ስጨርስ፣ «ወረቀትም አዘጋጅታችኋል?» አለ እየጠቀሰኝ።

በሚቀጥለው እሁድ ፓርኪንጉ ላይ ሰው ከመኪናው እየወረደ ለጋሼ ዘገዬ ጎንበስ እያለ እጅ ይነሳ ጀመር። ያን ያህል ታሪክ ይዞ ያን ያህል ትሑት የሆነ ሰው በኦሃዮ ታይቶ አይታወቅም እየተባለ ነው። ጋሼ ዘገዬ ቢጫ ሰደርያቸውን እንዳጠለቁ እየዞሩ «ኧረ መጫወቻ ነው፣ ኧረ ስለ እግዚአብሔር!» ይላሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የተመኙትን ክብር ያገኙት እውነቱን በተናገሩ ጊዜ ነው፤ የሚያምናቸው ሰው ጠፍቶ።